የአጎቴ አንበጣ

አጎቴ ያን ቀን በስልክ «አንበጣ» ባይል ኖሮ እናቴ ንቦቿን ለማጣት አትቃረብም ነበር። «ትኋን» ቢል ደግሞ ማንም አይመጣም ነበር። ግን በገዛ አፉ «ግቢየ ውስጥ ትኋን አለ» የሚል ሰው እስካሁን አላየሁም። አጎቴማ ጭራሽ።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ ብየ ብጽፍ ይቅር ይበለኝ፣ አንቱ እያልኩ እውነቱን መጻፍ አልቻልኩም። ቤታችን ከሐይቅ ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ፣ ባጃጅ ትንፋሽ የሚያጥረው ዳገት ላይ ነው። የእሱን ግቢና የእኛን ግቢ የሚለየው አንድ አጥር ነው። በእሱ በኩል አቮካዶ ተደርድሯል። በእኛ በኩል፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ የእናቴ ሰባት ቀፎዎች ተንጠልጥለዋል።

እናቴ የአምባሰል ልጅ ናት። ከአምባሰል ሰው ሁሉም ዘፈን ይጠብቃል፤ እሷ ድምፅ የላትም፣ ያላት ንብ ነው። ስትዳር ወንድሞቿ አንድ ቀፎ ከነንቡ ተሸክመው እዚህ ድረስ አምጥተውላታል። አባቴ ከሞተ በኋላ መሬቱም ቤቱም ከአባቴ ዘመዶች ጋር በየጊዜው የሚመከርበት ነገር ሆነ። ንቡ ግን የእሷ ነው። በንቡ ጉዳይ «እስቲ ቁጭ ብለን እንነጋገር» ያላት ዘመድ የለም፤ ይናደፋላ።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ ሆኖ፣ ፓስፖርቴን እየጠበቅሁ ቤት ውስጥ የምቅበጠበጥ ሰው ነበርኩ። ጅዳ ያለችው እህቴ በየሳምንቱ እየደወለች «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ይመጣል» ትለኛለች። አብሽሪ የሚባል ቃል እንደዚያ ሰሞን አስጠልቶኝ አያውቅም። ሥራየ ለፍየሎቹ ሣር ማጨድ፣ ስልክ መነካካትና እናቴን ማናደድ ነበር።

አንድ ጧት በአጥሩ ሥር ሣር ሳጭድ ሚዛኔን ለመጠበቅ የአቮካዶ ቅርንጫፍ ያዝኩ። ቅጠሉ ዘሎ አገጬን መታኝ።

ቅጠል አይዘልም። ይህን ለማወቅ አሥራ ሁለተኛ መድረስ አያስፈልግም። ጎንበስ ብየ ሳይ ቅርንጫፉ ላይ የቀሩት «ቅጠሎች» ሁሉ እግር አላቸው። ቁመታቸው ከትንሿ ጣቴ ጥፍር እምብዛም አይበልጥም፤ ቀለማቸው የአቮካዶ ለጋ ቅጠል ራሱ ነው። ክንፋቸውን እንደ ሣር ጎጆ ክዳን ግራና ቀኝ አጋጥመው አቁመውታል፤ የቅጠል ጅማት የሚመስል መስመር ሁሉ አለበት። ግንዱን ይዘው በሰልፍ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው፣ የገበያ ቀን ባጃጅ እንደሚጠብቅ ሰው። ከሥራቸው ደግሞ ልጆቻቸው ናቸው መሰለኝ፣ ቂጣቸው ላይ ነጭ ጥጥ የለጠፉ ትንንሾች ይርመሰመሳሉ። ስነካቸው ጥጣቸውን ይዘው ይስፈነጠራሉ።

አጎቴን ጠራሁት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ የጠራሁት እኔ ነኝ።

አጎቴ ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ መነጽር ግን የሽማግሌ ነው ብሎ አያደርግም። ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ጠየቀኝ።

«ይዘላል?»

«ይዘላል።»

«ክንፍ አለው?»

«አለው።»

«አረንጓዴ ነው?»

«ነው፣ ግን አጎቴ፣ ቀረብ ብለው ቢያዩት...»

«ምኑን አየዋለሁ፣ አንበጣ ነው።»

ስልኩን አወጣ። አጎቴ ስልክ ሲያወራ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ስልክ ባይኖረውም ይሰማዋል። «አንበጣ ገብቷል፣ አረንጓዴ አንበጣ፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ለቀበሌው። በዓይኔ የምትለዋ ናት ያናደደችኝ።

በእሱ መፍረድም ይከብዳል። አንበጣው በመጣበት ዓመት ማሽላው ዓይኑ እያየ ነው ያለቀው፤ ቆርቆሮ ሲደበድብ ውሎ ድምፁ ተዘግቶ ሰነበተ። አካባቢው ሁሉ ቃሉን ሲሰማ ይደነግጣል። እናቴም ያን ዓመት አትረሳም፤ እሷ ግን የምታስታውሰው ሌላ ነገር ነው። መድኃኒት በተረጨ ማግስት ንቦቿን በመጥረጊያ ጠርጋ በቁና ነው ያወጣቻቸው። አንድ ቀፎ ተረፋት። ያሁኖቹ ሰባት ከዚያች ከአንዷ የተዋለዱ ናቸው።

እስከ ቀትር ወሬው መንደሩን አዳረሰ። ከታች በኩል የምትኖረው ጎረቤታችን መጣች። እትየ ነው የምላት፤ ክርስቲያን ናት፣ በየዓመቱ ግሸን ትወጣለች፣ ከእናቴ ጋር ከአንድ ድስት እንደበላ ሰው ነው የሚኖሩት። ያን ሰሞን ለልጇ ሠርግ ጠጅ ጥላ ነበር፣ በእናቴ ማር። አጎቴም አጥሩ ላይ ተደግፎ ነበር።

«ቢመጣ ምን ይጎዳናል፣ አንበጣ ለእኛ ሐላል ነው» አለ አጎቴ፣ ለመደፋፈር ያህል። «ጠብሰን እንጨርሰዋለን።»

«ለእኛ የሚበላ አይደለም» አለች እትየ።

«እንዴት፣ መጥምቁ በበረሃ በልቶት የለ?»

«እሱ ቅጠል ነው። ቄሳችን ነግረውናል። ስሙ አንበጣ የሚባል ቅጠል ነው የበላው።»

«እንግዲያውስ ለሁለታችሁም የሚሆን መጣላችሁ» አልኩ እኔ። «ለእርሰዎ ሲሆን አንበጣ፣ ለእትየ ሲሆን ቅጠል።»

እናቴ የያዘችውን እርጥብ ፎጣ ጀርባየ ላይ አሳረፈችው።

ከሰዓት የግብርና ባለሙያው መጣ። ትምህርት ቤት ከእኔ ሁለት ክፍል ይቀድም የነበረ፣ ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነው፤ ሞተሩን ከራሱ በላይ ይወዳታል። ከዳር ሆኖ አየ፣ በፎርሙ ላይ ጻፈ፣ ቅዳሜ ጧት መርጫ ይዘው እንደሚመጡ ተናገረ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ።

«እናቴ፣ ቀፎዎቹን ሦስት ቀን ዘግተው ያቆዩልኝ። ወይም ራቅ አድርገው ያስቀምጧቸው።»

«በዚህ ሙቀት ዘግቼ ላፍናቸው?»

«እንግዲያው ይውሰዷቸው።»

«የት? አምባሰል? በጀርባየ?» አለች እናቴ። «ማር የሞላው ቀፎ ነው ልጄ። ባነሣው ይረግፋል፣ ብተወው ይሞታል።»

እሱ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። እናቴ ድስት እያጠበች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «አንች ነሽ የጠራሽው። አንች መልሽው» አለችኝ። ቅዳሜ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር።

ወደ ሥራ ገባሁ። ዘጠነኛ ክፍል መምህራችን ሕይወት ያለውን ነገር ሁሉ እንደ መሰላል ከላይ እስከ ታች አስደርድሮን ነበር፤ ከትልቁ ክፍል ጀምሮ መደብ፣ ቤተሰብ፣ ወገን እያለ እስከ ዝርያ ይወርዳል። ያኔ በቃሌ ሸመደድኩት፣ ፈተና ላይ ተፋሁት፣ ረሳሁት። ሰውን ለማሳበድ የወጣ ዝርዝር ነበር የመሰለኝ። አሁን ግን የሰባት ቀፎ ነገር የተንጠለጠለው በዚያ መሰላል ላይ ሆነ። ይህች ጉደኛ ፍጥረት ከአንበጣ ጋር አንድ እርከን ላይ ከቆመች እናቴ አለቀላት። ካልቆመች ይረጭ የሚባልበት ምክንያት የለም።

አንዷን በብርጭቆ ከደንኳት። በጀርባዋ ስገለብጣት አፍ የሚባል አጣሁ። የስልኬን ካሜራ አቅርቤ ሳየው፣ ከአገጯ ሥር አንድ ቀጭን ነገር በእግሮቿ መሐል ታጥፎ ተቀምጧል። የለስላሳ መምጠጫ ነው የሚመስለው። ጥርስ የላትም። አንበጣ እኮ መንጋጋ ነው፤ ማሽላ ላይ ሲሰፍር ድምፁ ይሰማል። ይች ትመጥጣለች እንጂ አታኝክም።

ዳገቱ አናት ላይ፣ ኔትወርክ ከሚይዝበት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፎቶዋን ፈለግኩ። የአንበጣ ዘመዶች እንደ ፌንጣ ያሉት ናቸው። የእሷ ዘር ሌላ ነው። መምጠጫ አፍ ያላቸው ሁሉ አንድ መደብ ውስጥ ናቸው፤ እዚያ ውስጥ ቅጠል ሥር የሚርመሰመሰው የጎመን ክሽክሽ አለ፣ ሌላም አለ፣ ትኋን አለ። ትኋን። የአልጋው። ቅርብ ዘመድ ናቸው ማለት አይደለም፤ ቤተሰባቸው ለየብቻ ነው። ግን ከአንበጣ ይልቅ ለትኋን ትቀርባለች። ድንጋዩ ላይ ብቻየን ሳቅሁ፤ ያለፈች ሴትዮ አውዙቢላሂ ብላ መንገድ ቀየረች።

በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ሐይቅ ወረድኩ። ባለሙያውን ሞተሩን ሲያጥብ አገኘሁት። ፎቶውን አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው።

«እኔም አንበጣ አልመሰለኝም ነበር» አለ።

«ታዲያ ለምን ጻፍክ?»

«አጎትሽ በዓይኔ አይቻለሁ አሉ። ስንት ሰው ባለበት ሽማግሌ ዋሹ ልበል?»

«አሁን ሰርዘዋ።»

«ያስመዘገቡት እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ይሻሩት። አንበጣ ተብሎ የተመዘገበን ነገር እኔ ብተወውና ነገ እውነት ቢሆን፣ ማን ነው የሚያድነኝ? አንች?»

«እኔ ያኔ ጅዳ ነኝ» አልኩት። ሳቀ፤ እስፖንጁን ግን አላስቀመጠም።

እንግዲህ አጎቴን ማሳመን ቀረ። አጎቴን ማሳመን ደግሞ፣ ወላሂ፣ አርዲቦን በማንኪያ መጨለፍ ነው። ሐሙስና ዓርብ ሞከርኩ። ሐሙስ «ቆይ» አለኝ። ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ መንገድ ላይ ያዝኩት፤ «ሴት ልጅ ስለ አንበጣ ምን ታውቃለች» አለኝ። እኔ ቆርቆሮ ስደበድብ ከጎኑ እንደነበርኩ ረስቶታል።

ቅዳሜ ጧት ባለሙያው መርጫውን በጀርባው አዝሎ መጣ። አቮካዶው ሥር አራት ነን፦ አጎቴ፣ እናቴ፣ እትየና እኔ። የአጎቴ ሚስት ቤት ውስጥ ሆና በመስኮት ታዳምጣለች። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራለች፣ ለቅሶ ቤት እንደምትሄድ ሰው። ከኋላዋ ንቦቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ይገባሉ ይወጣሉ።

«አንድ ነገር ብቻ» አልኩ። «የተበላ ቅጠል አሳዩኝ።»

«ምን?» አለ አጎቴ።

«አንበጣ ከሆነ ቅጠሉ ይበላል። እኔ ካየሁት እንኳ አራተኛ ቀኑ ነው። አንድ የተበሳ ቅጠል ያሳዩኝና እኔ ራሴ መርጫውን አዝላለሁ።»

አጎቴ ወደ ቅርንጫፎቹ ገባ። ጎንበስ ቀና አለ፣ አገላበጠ። ነፍሳቱ እየተስፈነጠሩ ፊቱ ላይ ዘለሉበት። በመጨረሻ ግማሹ የተገመጠ ቅጠል ይዞ ብቅ አለ፣ ፊቱ በርቶ።

«ይኸው።»

እትየ ቀረብ ብላ አየችው። «ይህ እኮ የፍየል ነው።»

ባለሙያው ሳል መጣበት። አጎቴ ቅጠሉን ጣለው። ልይዘው ነው፣ አሁን ይለሰልሳል አልኩ በልቤ። እሱም ለስለስ ብሎ ጠየቀኝ፤ «እሽ፣ አንበጣ ካልሆነ የማን ዘመድ ነው?»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን «የክሽክሽ» ይላል። እውነትም ነው፣ አያስቀይምም። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ምላሴ ላይ ያዞርኩት ሌላ ነበር።

«የትኋን» አልኩ።

ከመስኮቱ ወዲያ የድስት ክዳን ወደቀ።

አንበጣ የአላህ ቁጣ ነው፤ ሰው አያፍርበትም፣ ጎረቤት መጥቶ አብሮህ ያዝናል። ትኋን ግን የቤት ነው። ትኋን ማለት ሚስትህ አልጋ አታወጣም፣ ፍራሽ አታናፍስም ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ ነው ያልኩት። ወይም ሳላስበው። ልዩነቱ ለአጎቴ ምንም አልነበረም።

«ቤቴ ንጹህ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ባለቤቴ በየሳምንቱ አልጋ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። በዚህ ግቢ ትኋን ተብሎ አያውቅም። አንበጣ ነው። እርጨው።»

ባለሙያው የመርጫውን እጀታ ያዘ። እናቴን ማየት ፈራሁ።

«ቆይ» አልኩ፣ ምን እንደምል ሳላውቅ። «አጎቴ፣ የአልጋው አይደለም፣ የመደብ ነገር ነው፣ እንደ...»

«ይህስ?» አቋረጠኝ። ቅጠል የነካ ጣቶቹን አጣብቆ አላቀቃቸው። «ይህ የሚያጣብቀው የአንበጣ ምራቅ አይደለም?»

«ምራቅ አይደለም። የቅጠሉን ውሃ ሲመጥጡ ስኳሩ ይበዛባቸዋል። የተረፋቸውን በኋላቸው ያወጡታል።»

«በኋላቸው?»

«በቂጣቸው።»

አጎቴ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገ። ያኔ ከእናቴ ንቦች አንዷ መጥታ እሱ ፊት ለፊት ያለው ቅጠል ላይ አረፈች፤ የሚያብረቀርቀውን ጠብታ ረጋ ብላ ላሰችው። ሁለተኛ መጣች። ልሰው ሲጨርሱ ተነሥተው፣ አጥሩን ዘለው፣ በቀጥታ ወደ ክፈፉ ሥር ገቡ። አምስታችንም በዓይናችን ሸኘናቸው።

በዚያ ዓመት የእናቴ ማር ከወትሮው የጠቆረ ነበር። አበባ በሌለበት ወር ቀፎው ሞልቶ ሁሉም ማሻአላህ ብሏል። የምን አበባ እንደሆነ ማንም አላወቀም። አጎቴ በየጧቱ በቂጣ ይበላዋል። እትየ ደግሞ...

«የጣልኩት ጠጅ» አለች እትየ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

እናቴ ስለ ማሯ ክፉ ሲነገር ሰምታ አታውቅም። ዝም ብትል መድኃኒቱ ይረጫል፣ ንቡም ያልቃል፣ ወሬውም አብሮ ይቀበራል። እኔ ሞኝ ዓይኔን መሬት ላይ ተክየ ይህን አስላለሁ። እሷ ግን ወደ አጎቴ ሄደች።

«ይስሙኝ» አለችው። «ማሬ ከየት እንደመጣ እኔም አሁን ነው ያወቅሁ። የትኋን ዘመድ ቂጥ ነው፤ ይኸው በሰው ፊት አልኩት። ዘንድሮ ሠላሳ ሰው ልሶታል፣ አንቱም ልሰዋል። እኔ ባለ ማሯ ካላፈርኩ አንቱ በአቮካዶ ምን ያሳፍርዎታል?»

አጎቴ ጣቶቹን እንደገና ሱሪው ላይ ጠረገ። ባለሙያው እስክሪብቶውን አውጥቶ ፎርሙን ጭኑ ላይ ዘረጋ።

«ትኋን ብለህ እንዳትጽፍ» አለ አጎቴ።

«አልጽፍም አባቴ።»

«አንበጣም አይደለም።»

«እሽ። ታዲያ ምን ልበለው?»

አጎቴ ወደ ቅርንጫፉ ዞረ። ነፍሳቱ እንደገና ተሰልፈው ጸጥ ብለዋል፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ ርቀት የእኔም ዓይን አይለያቸውም ነበር።

«ቅጠል በል» አለ።

«ቅጠል ይዘላል አባቴ?»

«ነፋስ ነበር ያን ቀን» አለ አጎቴ። «ዓይኔም ደክሟል።»

ዓይኔ ደክሟል ማለቱን በሕይወቴ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ባለሙያው ጻፈ፤ ምን ብሎ እንደጻፈ እስከዛሬ አላየሁም። እትየ ነጠላዋን አስተካክላ «ቄሳችን ብለዋል እኮ፣ ቅጠል ነው» አለች። ማንም አልተከራከራትም።

መርጫው ውስጥ የነበረው እንዳለ ተመለሰ። ባለሙያው በሳሙና ውሃ የቅጠሎቹን ሥር ማጠብ ይበቃል አለ። ማን ያጥባል ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፓስፖርቴ እስኪመጣ ድረስ የአጎቴን አቮካዶ ቅጠል በቅጠል ሳጥብ ከረምኩ፤ የአጎቴ ሚስት በየቀኑ እየወጣች «ይህችኛዋ አልጠራችም» እያለች፣ ንጹሕ ሴት ማለት ምን እንደሆነ አሳየችኝ። ላይኛውን ቅርንጫፍ አልደርስበትም አልኩ። እደርስበት ነበር። ንቦቹ እዚያ ይወጡ ነበርና ተውኩት።

እትየ ጠጁን አልደፋችውም። ሁለቴ አጥልላ ለሠርጉ አቀረበችው፤ እናቴ ለእስላሙ እንግዳ ብርዝ በጠበጠች። ከውጫሌ የመጣ አንድ የሙሽራው ዘመድ ብርዙን አጣጥሞ እናቴን ጠየቃት።

«እንዲህ ያለ ማር ቀምሸ አላውቅም። የምን አበባ ነው?»

አጎቴ ከጎኑ ተቀምጧል፤ ብርጭቆውን አንሥቶ ወደ ውስጡ ማየት ጀመረ። እናቴ መጀመሪያ እኔን ነው ያየችኝ፤ አፌን ልከፍት እንደሆነ።

«የቅጠል ነው» አለችው።

እኔ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ልወጣ ተነሣሁ።